ቦሌሮ እየተደጋገመ ለምን አይሰለችም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የሙዚቃ ዓምድ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ እሱም ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ራቬል በ1928 ለኦርኬስትራ የጻፈው «ቦሌሮ» ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። በቅርቡ ልጄ የራቬልን «ቦሌሮ» ከፍቶ አሰማኝ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ከበሮው ያው ነው፤ ዜማውም ያው ነው። አሁን ይለወጣል፣ አሁን ይለወጣል እያልኩ ሳዳምጥ ሩብ ሰዓት አለፈ። ልጄ «ምንም አልተለወጠም እኮ» እያለ ይስቃል፤ እኔ ግን ሳያልቅ መነሣት አልቻልኩም። ሰው እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ሳይሰለች የሚያዳምጠው ለምንድን ነው? ወይስ ሥራው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ነው የምናደንቀው? አንባቢዎ፣ ከአዳማ።

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ የያዘዎት ዝናው አይደለም። ልጅዎ የተናገረው ግማሽ እውነት አለው፤ ቀሪው ግማሽ ግን ራቬል የደከመበትና እርስዎን ከመቀመጫዎ እንዳይነሡ ያደረገው ነው።

በመጀመሪያ የሚደጋገመውን እንቁጠረው። ስኔር የሚባለው ትንሹ ከበሮ ሁለት ባር (ባር ሙዚቃ የሚሰፈርበት እኩል የጊዜ ክፍል ነው) የምትሞላ አንዲት የምት ሐረግ ይዞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይነሣል። በሐረጓ ውስጥ 24 ምቶች አሉ፤ እሷም 169 ጊዜ ትመላለሳለች። ይህ ማለት ከበሮ መቺው አንድም ጊዜ ሳያርፍ ከ4000 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ሥራው በጠቅላላው 340 ባር ስለሆነ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች በቀር ከበሮው ከዚያች ሐረግ ንቅንቅ አይልም። ዜማውም ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 16 ባር ይፈጃል፣ ሁለቱም እየተፈራረቁ በድምሩ 18 ጊዜ ይሰማሉ። ሙዚቃው የተመሠረተበት ቁልፍ፣ ማለትም ዜማው መነሻና ማረፊያ የሚያደርገው የድምፆች መደብ፣ ሲ ሜጀር ይባላል፤ እሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ጥቂት ባሮች ድረስ አይነቃነቅም። በአውሮፓ የኦርኬስትራ ልማድ አንድ ደራሲ ዜማ ከያዘ በኋላ ይከፋፍለዋል፣ ያሳድገዋል፣ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ያዘዋውረዋል። ራቬል ይህን ሁሉ መብት ሆን ብሎ ትቶታል።

ታዲያ ምን ቀረለት? የቀረለት የድምፅ ቀለም ነው። ያው ዜማ በተመለሰ ቁጥር የሚያወጣው መሣሪያ ሌላ ነው። ዋሽንት መሰሉ ፍሉት በዝቅተኛ ድምፁ ይጀምራል፤ ክላርኔት ይቀበለዋል፤ ከዚያ ባሱን ሁለተኛውን የዜማ ክፍል ያነሣል። ባሱን በኦርኬስትራ ውስጥ በወፍራም ድምፅ ሥር ሥሩን የሚሄድ መሣሪያ ነው፤ ራቬል ግን የሚያስጀምረው ከፍ ካለው የድምፁ ክልል ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ድምፁ ጠበብ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ድምፅ ይመስላል። ቀጥሎ ትንሹ ክላርኔት፣ ከእሱ በኋላ በዘመኑ እምብዛም የማይገኘው የኦቦ ዓይነት ትንፋሽ መሣሪያ ኦቦ ዳሞሬ፣ ከዚያም አፉ የታፈነ ትራምፔት ከፍሉት ጋር ተጣምሮ፣ ከዚያም ሁለት ሳክስፎኖች በየተራ ይመጣሉ። ሳክስፎን በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ቋሚ መቀመጫ የለውም፤ ራቬል ግን በዚያው በ1928 አሜሪካን ለአራት ወራት ያህል ዞሮ፣ ጃዝንም በሥፍራው ሰምቶ የተመለሰ ሰው ነበር።

በተለይ ዘጠነኛውን ዙር ቀረብ ብለው እንዲያዳምጡት እለምንዎታለሁ። ዜማውን ሆርን ይጫወታል፤ ቼሌስታ የተባለችው የደወል ድምፅ ያላት ትንሽ ኪቦርድ ከላይ ታጅበዋለች። ከእነዚህ በላይ ሁለት ፒኮሎዎች (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ትናንሽ ፍሉቶች) ያንኑ ዜማ በዚያው ቅጽበት ይጫወታሉ፤ ነገር ግን አንደኛው በጂ ሜጀር፣ ሌላው በኢ ሜጀር ነው። ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲነፉ ጆሮ የሚያቆስል ግጭት መሰማት ነበረበት፤ የሚሰማው ግን ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀው አንድ አዲስ መሣሪያ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም መሣሪያ አንድ ድምፅ ሲያወጣ ከዋናው በላይ ሌሎች ረቂቅ ድምፆች አብረው ይርገበገባሉ፤ ክራርን ከዋሽንት የምንለየውም በእነዚህ ረቂቅ ድምፆች መጠን ነው። ራቬል ፒኮሎዎቹን በትክክል በእነዚያ ረቂቅ ድምፆች ቦታ ላይ በለሆሳስ አስቀመጣቸው። ጆሮም ለብቻ ለብቻ መስማቱን ትቶ ሁሉንም እንደ አንድ ቀለም ይቀበላል። እኔ በበኩሌ በሥራው ውስጥ ከዚህ ዙር የሚበልጥ ድንቅ ነገር አላውቅም፤ ደግሞም ዜማው ለዘጠነኛ ጊዜ የመጣ መሆኑ ነው እንድንሰማው የሚያደርገን። ዜማው አዲስ ቢሆን ኖሮ ጆሯችን ዜማውን በማጥናት ይጠመድ ነበር፤ ዜማውን ጠግበን ስለምናውቀው ግን መላ ትኩረታችን ወደ ቀለሙ ይዞራል። ለጥያቄዎ የምሰጠው ዋና መልስ ይህ ነው፦ ድግግሞሹ የተቀመጠው ሌላ ጊዜ የማንሰማውን ነገር እንድንሰማ ነው።

ሌላም ያልተነገረለት ነገር አለ፤ እሱም ሁለተኛው የዜማ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ጥርት ያለና የተረጋጋ ነው፤ እሱ ብቻውን 18 ጊዜ ቢመላለስ በእውነት በተሰለቸ ነበር። ሁለተኛው ግን ከላይ ይነሣና እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመንገዱም ዝቅ የተደረጉ ድምፆች እየገቡበት እስፓኝኛም ጃዝም የሚል ቁጭት ይይዛል። ራቬል ሁለቱን ክፍሎች አንድ በአንድ አያፈራርቃቸውም፤ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ እያደረገ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲደገም አድማጩ ሁለተኛውን መናፈቅ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ሲደገም ደግሞ ጆሮው እረፍት ይፈልጋል። ትሮምቦኑ በ11ኛው ዙር ያንን ሁለተኛ ክፍል ብቻውን ሲያነሣው ልብ ይበሉ፤ ድምፁ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚጀምርና ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ፣ ኦርኬስትራዎች አዲስ ትሮምቦን ተጫዋች ሲፈትኑ ይህንኑ ያስጫውቱታል።

ከዚያ በኋላ የድምፁ ማደግ አለ። በጣሊያንኛው ክሬሼንዶ የሚባለው ቀስ በቀስ የመጨመር ስልት በሌሎች ሥራዎች ውስጥ ለጥቂት ባሮች ብቻ ይሠራል፤ እዚህ ግን ሙዚቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክሬሼንዶ ነው። ጭማሪው የሚመጣው ተጫዋቾቹ እየበረቱ ስለሚሄዱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት የተጫዋቾቹ ቁጥር መጨመሩ ነው። ቫዮሊኖቹ፣ በሌላ ቦታ ዜማ የሚመሩት እነሱ ሆነው ሳለ፣ እዚህ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት በ13ኛው ዙር ነው። እስከዚያ ድረስ ቪዮላና ቼሎ ክሩን በጣት እየነጠቁ ምቱን ይይዛሉ፤ ሌሎችም መሣሪያዎች የከበሮውን ሐረግ በየተራ እየተዋሱ ያጅባሉ። ወደ መጨረሻው ግድም ሁለተኛ ስኔር ከበሮ ይታከላል።

ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። እዚህ ላይ ከራሳችን ጆሮ ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅሌት ሊቃውንቱ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገሩ የከበሮው ድምፅም ፍጥነቱም አብረው ይጨምራሉ፤ ሰውነታችንም ድምፅ ሲበረታ ፍጥነት እንዲከተል ይጠብቃል። ራቬል ያንን መጠበቅ ያውቃል፤ አውቆም ይከለክለዋል። ድምፁ እያደገ ፍጥነቱ ባለበት ሲቆም አድማጩ ውስጥ ግፊት ይከማቻል፤ ማምለጫ የለውም። ብዙ ሰው «መጨረሻው ላይ ፈጥኗል» ብሎ ይከራከራል፤ በጥሩ አጨዋወት ውስጥ ግን የፈጠነው የአድማጩ ልብ ነው። እርስዎ መነሣት ያቃተዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ማምለጫው የሚከፈተው ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ መላው ኦርኬስትራ በድንገት ከሲ ሜጀር ወደ ኢ ሜጀር ይዘላል። በሌላ ሙዚቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በየደቂቃው ሊኖር ይችላል፤ ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አንድ መሬት ላይ ስለቆምን ወለሉ ከእግራችን ሥር የተነሣ ያህል ይሰማናል። ለውጡ የሚቆየው ለ8 ባር ብቻ ነው። ወዲያው ወደ ሲ ሜጀር ይመለስና ትልቁ ከበሮ፣ ጸናጽሎቹና ታምታም የሚባለው ትልቁ የነሐስ ሳህን ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባሉ፤ ትሮምቦኖቹም እየተንሸራተቱ ያጓራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ይፈርሳል። ራቬል እነዚህን መሣሪያዎች ለስድስት ባር ብቻ ብሎ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሲያስጠብቃቸው መቆየቱን ሳስብ፣ ትዕግሥቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሥራው የተወለደበትን መንገድ ማወቅም ይጠቅማል። አይዳ ሩቢንስታይን የተባለች ዳንሰኛ ራቬልን የእስፓኝ መልክ ያለው የባሌት (የመድረክ ዳንስ) ሙዚቃ ጠየቀችው። እሱም የእስፓኛዊውን የአልቤኒዝን የፒያኖ ሥራዎች ወደ ኦርኬስትራ ለመለወጥ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ሥራ መብት አርቦስ ለተባለ ሌላ ሙዚቀኛ የተሰጠ መሆኑን ሲረዳ ሐሳቡን ትቶ የራሱን ለመጻፍ ወሰነ። በዚያው ሰሞን፣ በትውልድ አካባቢው በሴንት ዣን ደ ሉዝ ሳለ፣ ዜማውን በአንድ ጣት በፒያኖ ለወዳጁ ለጉስታቭ ሳማዜይ አሰምቶ፣ ዜማው የሚወተውት ጠባይ እንዳለውና ሳያሳድገው ኦርኬስትራውን ብቻ እየጨመረ ብዙ ጊዜ ሊደጋግመው እንደሚሞክር ነገረው። ኖቬምበር 22 ቀን 1928 በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ መድረኩ የእስፓኝ መሸታ ቤት ነበር፤ ዳንሰኛዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትጨፍራለች፣ ወንዶቹም እየከበቡ ይመጣሉ፤ የውዝዋዜው ደራሲ ብሮኒስላቫ ኒዢንስካ ነበረች። በዚያ ምሽት አንዲት ሴት «ይህ ሰው አብዷል» ብላ እንደጮኸችና ራቬልም «እሷ ገብቷታል» እንዳለ ይነገራል።

ራቬል ስለዚህ ሥራ የተናገረው ብዙዎችን ያሳስታል። ለሙዚቃ ደራሲው ለኦኔጌር «አንድ ድንቅ ሥራ ብቻ ጽፌያለሁ፤ እሱም ቦሌሮ ነው፤ ያሳዝናል፣ ሙዚቃ የለበትም» ብሎታል። ይህን ይዘው ደራሲው ራሱ ሥራውን ንቆታል የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልረዳውም። እሱ ሙዚቃ የሚለው በሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የለመደውን የዜማ እድገትና የቁልፍ ለውጥ ነው፤ ያ እንደሌለበት አሳምሮ ያውቃል፤ ያለዚያ ሁሉ ሥራው መቆሙን ግን «ድንቅ» በሚለው ቃሉ መስክሯል። በ1931 በሰጠው ቃለ ምልልስም ቦሌሮን በአንድ በተወሰነ አቅጣጫ የተደረገ ሙከራ አድርጎ ነው የገለጸው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር እንዳይጠበቅበትም አሳስቧል። ሙከራው የሕዝብ ፍቅር ያገኛል ብሎ አልገመተም ነበር፤ ሆኖም በ1929 መገባደጃ ኒው ዮርክ ላይ የኦርኬስትራ መሪው ቶስካኒኒ ሲመራው ታላቅ አድናቆት ገጠመው፤ በ1984ም በሳራዬቮ የክረምት ኦሎምፒክ እንግሊዛውያኑ ቶርቪልና ዲን በዚህ ሙዚቃ በበረዶ ላይ ሲደንሱ ለኪነ ጥበብ ብቃታቸው ሁሉም ዳኞች ሙሉ ነጥብ ሰጧቸው።

ጥያቄ፦ በጤና ሙያ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ራቬል በመጨረሻ ዘመኑ የአንጎል ሕመም እንደነበረበት አንብቤያለሁ፤ የቦሌሮ ድግግሞሽም የሕመሙ ምልክት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ሊታመን ይችላል? ከዋሽንግተን ዲሲ።

መልስ፦ የሕመሙ ነገር እውነት ነው፤ እጅግም የሚያሳዝን ነው። ራቬል ከጊዜ ወደ ጊዜ ቃላት እየጠፉበት፣ መጻፍና እጁን እንደልቡ ማዘዝ እየተሳነው ሄደ፤ በ1932 በፓሪስ የታክሲ አደጋ ከደረሰበት በኋላ ደግሞ ሁኔታው ባሰበት። ሙዚቃው በአእምሮው ውስጥ እንዳለ፣ ነገር ግን ወረቀት ላይ ማውረድ እንዳልቻለ ለወዳጆቹ ይናገር ነበር። በ1937 መጨረሻ በአንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዲሴምበር 28 ቀን በ62 ዓመቱ ዐረፈ። የነርቭ ሐኪሞች ሕመሙ በትክክል ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ የቦሌሮን ድግግሞሽ ከመነሻ ምልክቶቹ ጋር አያይዘውታል።

እኔ ግን ይህን ትንታኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ሥራው ራሱ ነው። በሕመም የሚመጣ ድግግሞሽ ሰውየው ማቆም ስላቃተው የሚደግመው ነው። ቦሌሮ ውስጥ ግን በየዙሩ አንድ አዲስ ውሳኔ አለ፦ የትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው የድምፅ ከፍታ፣ ከማን ጋር ተጣምሮ፣ ምቱን ማን ይዞለት። ከላይ የጠቀስነው የፒኮሎዎቹ አቀማመጥ የሚሠራው ስሌቱ አንድ ድምፅ እንኳ ካልተዛነፈ ብቻ ነው። ደግሞም ዕቅዱን ሥራውን ከመጻፉ በፊት ለወዳጁ ነግሮታል፤ ለዳንስ የተጻፈ ሙዚቃ እንደመሆኑም ምቱ አንድ መሆኑ አያስገርምም። ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ከቦሌሮ በኋላ የጻፈው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ላጣው ለፒያኖ ተጫዋቹ ለፓውል ዊትገንስታይን የጻፈው የግራ እጅ ኮንቸርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) እና የጂ ሜጀሩ የፒያኖ ኮንቸርቶ ሁለቱም በ1932 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረቡ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ሐሳብ ሐሳብን እየወለደ ይሄዳል እንጂ የሚደጋገም ነገር የለም። መደጋገም የሕመሙ ውጤት ቢሆን ኖሮ፣ ሕመሙ በባሰበት ጊዜ ድግግሞሹ መብዛት ነበረበት። የአንድን ሰው ሥራ በኋላ በደረሰበት መከራ መፍታት የሚቀናን ይመስለኛል፤ በራቬል ላይ ግን ይህ አግባብ አይደለም፤ በሙሉ አእምሮው የወሰነውን ድፍረት ይነጥቀዋልና።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቦሌሮን በስልኬ ስከፍተው መነሻው አይሰማኝም፤ ድምፁን ስጨምር ደግሞ መጨረሻው ይጮህብኛል። ከብዙዎቹ ቅጂዎች የትኛውን ልምረጥ? ከባሕር ዳር።

መልስ፦ ችግሩ የስልክዎ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ በጣም ዝቅ ካለው ድምፅ ተነሥቶ እስከ ኦርኬስትራው ሙሉ ጉልበት ስለሚደርስ ነው። የሚከተለውን ያድርጉ፦ መጀመሪያ ወደ መጨረሻዋ ደቂቃ ዘልለው ይሂዱና ድምፁን ጆሮዎ በሚችለው ልክ ያስተካክሉት፤ ከዚያ ወደ መነሻው ይመለሱና እስኪያልቅ ድረስ አይንኩት። የስልኩ የራሱ ድምፅ ማውጫ የቼሎውንና የሌሎች ወፍራም ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎችን ድምፅ ስለማያወጣው የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ግድ ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍልም ይፈልጉ።

ስለ ቅጂ ምርጫ ሲነሣ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። ራቬል ራሱ በጃንዋሪ 1930 የላሙሩ ኦርኬስትራን እየመራ አስቀርጾታል፤ የዘመኑ ቀረጻ ጥራት ባይኖረውም 16 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ የተረጋጋ አካሄድ ነው የተጫወቱት። በዚያው ዓመት ሜይ 4 ቀን ቶስካኒኒ በፓሪስ ኦፔራ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን ይዞ ሥራውን በጣም አፈጠነው። ራቬልም በአዳራሹ ነበርና ቅሬታውን አልደበቀም፤ ቶስካኒኒ ደግሞ ሥራው የሚድነው እንደዚያ ሲጫወቱት ብቻ ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። እኔ ያለ ማመንታት ከራቬል ጎን እቆማለሁ፤ ሙዚቃው ሲፈጥን ግፊቱ ሳይከማች ያልቃል፣ የቀለሞቹም ልዩነት ሳይታይ ያልፋል። ሌላው የኦርኬስትራ መሪ ሰርጁ ቼሊቢዳኬ ከሙኒክ ኦርኬስትራ ጋር ያስቀረጸው ደግሞ በተቃራኒው እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ ለመጀመሪያ አድማጭ ሊከብድ ቢችልም እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ ለማጥናት ይጠቅማል።

ማንኛውንም ቅጂ ከመክፈትዎ በፊት ርዝመቱን ይመልከቱ። ባሮቹ 340 ናቸው፤ እያንዳንዱም ሦስት ዋና ምት አለው (የከበሮው 24 ምቶች በእነዚህ ውስጥ የሚከፋፈሉ ናቸው)፤ በደቂቃ 72 ዋና ምት ሲመታ ሥራው 14 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 66 ሲመታ 15 ደቂቃ ተኩል ግድም ይሆናል። ርዝመቱ ከ14 ደቂቃ ያነሰ ከሆነ መሪው ቸኩሏል ማለት ነውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጡት ቅጂ እሱ ባይሆን እመርጣለሁ። ከ15 እስከ 16 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ የተቀረጸ ማንኛውም የታወቀ ኦርኬስትራ አጨዋወት ለመጀመር ይበቃዎታል።